ፈንጣጣ ከሰው ጠፋ፤ ከበረት ግን አልወጣም

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በጎጃም ሜዳ ሣሩ ይለመልማል፣ ውኃው በየረባዳው ይቆማል፣ ዝንቡና ትንኙም ይበዛል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የከብት የቆዳ ጉርብርብ በሽታ በብዛት የሚነሣው ከዚህ ወቅት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሲሆን፣ በሽታው የገባበት ቤት ቶሎ ያውቀዋል፤ ላሟ መኖ ትተዋለች፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ትኩሳቷ እስከ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወጣል፣ በ2 ቀን ገደማ ውስጥም አንገቷ፣ ጎኗ፣ ግቷና እግሯ በጠጣር እብጠት ይወረራል። ያን ጊዜ ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ይህ ነገር ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል ወይ የሚል ነው።

አይተላለፍም። የጉርብርብ ቫይረስ ሰውን አያሳምምም። ነገር ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ሌላ ቁስል፣ ለምሳሌ የበግ ግልገል ከንፈር ላይ የወጣ ቅርፊት፣ የእረኛውን ጣት ሊያቆስል ይችላል። ሁለቱንም የሚያመጡት የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው፤ አባቶቻችንን የፈጀው ፈንጣጣም፣ ዛሬ አፍሪካን የሚያስጨንቀው ኤምፖክስም (በቀድሞ ስሙ የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ከዚያው ቤተሰብ ይመደባሉ። የትኛው ማንን እንደሚይዝ ለይቶ አለማወቅ ገበሬውን በሁለት በኩል ይጎዳዋል፤ ሊፈራው የማይገባውን ያስፈራዋል፣ ሊጠነቀቅበት ከሚገባው ደግሞ ያዘናጋዋል። ከዚህም ባለፈ፣ በእኔ እምነት በጎጃም የእንስሳት ፈንጣጣን ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው ትልቁ ምክንያት የክትባት ፈጽሞ አለመኖር ሳይሆን ክትባቱ በሽታው ከገባ በኋላ መድረሱ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን አስቀድሞ ስለ ቫይረሶቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

የዚህ ቤተሰብ አባላት ፖክስቫይረሶች ይባላሉ፤ በግዙፍነታቸው ከሚታወቁት ቫይረሶች ወገን ናቸው። አብዛኞቹ የጡብ ቅርጽ ሲኖራቸው ርዝመታቸው ከ200 እስከ 400 ናኖሜትር ይደርሳል። ዲኤንኤ ያላቸው አብዛኞቹ ሌሎች ቫይረሶች ለመራባት ወደ ሕዋሱ እምብርት (ኒውክለስ) መግባት ሲኖርባቸው፣ ፖክስቫይረሶች ግን ለሥራው የሚያስፈልጓቸውን ኤንዛይሞች ይዘው ስለሚመጡ ከኒውክለሱ ውጭ ባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ይራባሉ። ለገበሬ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ጽናታቸው ነው፤ ከቁስሉ በሚረግፈው ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ተጠብቀው ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ይቆያሉ። የጉርብርብ ቫይረስ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ እስከ 35 ቀን፣ በአየር በደረቀ ቆዳ ውስጥም ቢያንስ 18 ቀን እንደሚቆይ ታውቋል። የበግና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ ደግሞ ፀሐይ በማይደርስበት በረት ውስጥ እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። የሞተችበትን በግ ቀብሮ በሳምንቱ ሌላ ገዝቶ እዚያው በረት የሚያስገባ ሰው አዲሲቱ ስትታመምበት በገበያው ሲያዝን ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሽታው የጠበቃት እቤቱ ነው።

ቤተሰቡ በርካታ ወገኖች አሉት። ፈንጣጣ፣ ኤምፖክስ፣ የላም ፈንጣጣና የግመል ፈንጣጣ በአንድ ወገን፣ የከብት ጉርብርብ፣ የበግ ፈንጣጣና የፍየል ፈንጣጣ በሌላ ወገን፣ የግልገል አፍ ቁስልና የአላቢዎች እጅ ላይ የሚወጣው እባጭ በሦስተኛ ወገን፣ የዶሮ ፈንጣጣ ደግሞ ለብቻው ይመደባሉ። በአንድ ወገን ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው እጅግ ይቀራረባሉ፤ የጉርብርብ፣ የበግ ፈንጣጣና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች ዘረመል ከመቶ 96 እጅ በላይ አንድ ነው። በዚህም ምክንያት በደም ምርመራ ሦስቱን መለየት አይቻልም፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባትም ለሌላው በመጠኑ ያገለግላል። ልጆችን የሚይዘው ጉድፍ ግን ምንም እንኳ ሽፍታው ፈንጣጣን ቢመስል ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ የሄርፒስ ቫይረሶች ዘመድ ነው።

ጉርብርብ በጎጃም

ጉርብርብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ያኔ ሰሜን ሮዴዥያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ዛምቢያ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ ይህም ማለት በሽታው ወደ አገራችን ታሪክ የገባው በጎጃም ደጃፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሞላ ጎደል አገሪቱን ሁሉ አዳርሷል። ከአፍሪካም ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1989 እስራኤል፣ በ2013 ቱርክ፣ በ2015 ግሪክ፣ በ2019 ባንግላዴሽ፣ ህንድና ቻይና ደርሷል፤ በ2025 ክረምት ደግሞ ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ ታይቷል። አርባ ዓመት ሙሉ የጎጃም ገበሬ ሲያስተናግደው የኖረ በሽታ ዛሬ የዓለም ሁሉ ራስ ምታት ሆኗል።

በአብዛኛው አይገድልም። በወረርሽኝ ጊዜ ከመንጋው በመቶ ከ5 እስከ 45 የሚሆነው ሊያዝ ሲችል የሚሞተው ግን ብዙውን ጊዜ በመቶ ከ10 በታች ነው። የሞቱ ቁጥር አነስተኛ መሆኑ በሽታውን ያቀለለው ይመስላል፤ ጉዳቱን ለመረዳት ግን በሕይወት የተረፈውን ከብት ቀርቦ ማየት ይበቃል። እብጠቱ ከቆዳው ላይ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ስፋቱ ከግማሽ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሆኖ ቆዳውን ዘልቆ ሥጋው ድረስ ይወርዳል። ቫይረሱ በቆዳው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚያቆስልና ስለሚዘጋ መካከለኛው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ከጊዜ በኋላ የሞተው ክፍል ዙሪያውን ተለይቶ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተነቅሎ ይወድቅና ክብ ጉድጓድ ይቀራል። በዚያ ጉድጓድ ዝንብ ይሰፍርበታል፣ ይመግላል፣ ትልም ያፈራል። ሲድን ጠባሳው ለዘለዓለም ይኖራል፤ ቆዳው ገበያ ሲወጣ ከንቱ ይሆናል። ላሟ በሕመሙ ወቅት ወተቷ ይነጥፋል፣ ግቷ ከቆሰለም አንዱ ወይም ሁለቱ ጡት ተደፍኖ ሊቀር ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ትጨነግፋለች። ኮርማው ለጊዜውም ሆነ ለዘለቄታው መካን ሊሆን ይችላል።

በጎጃም ላይ ደግሞ የበሬው ጉዳይ ይጨመራል። እግሩና ደረቱ ያበጠ በሬ ቀንበር አይሸከምም። አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ገብተው ተራ በተራ በሚያርሱበት አገር አንድ በሬ ሲታመም ሥራ የሚፈቱት ሁለት ቤቶች ናቸው። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነው፤ ጤፉ ከሚታጨድበትና ከሚወቃበት ወራት ጋር ይገጥማል። ከበሽታው ያገገመ በሬ ለወራት ከስቶ ስለሚቆይ ጉዳቱ ወደሚቀጥለው እርሻ ይሻገራል። በወረዳ ሪፖርት የሚጻፈው የታመመውና የሞተው ብዛት ነው፤ የተጓደለው ጥማድ፣ የነጠፈው ወተት፣ የጨነገፈው ጥጃ በቁጥር ስለማይገባ በሽታው ከሚገባው ያነሰ ትኩረት እያገኘ ኖሯል።

ጉርብርብ በዋናነት የሚተላለፈው በሚናከሱ ዝንቦች፣ በትንኝና በመዥገር ነው። ዝንቡ በሽታውን በሰውነቱ ውስጥ አያራባም፤ የታመመውን ከብት ሲነክስ አፉ ላይ የቀረውን ቫይረስ ይዞ ወደ ጎረቤቱ ከብት ይሄዳል። ከብቱ በጅራቱ ሲያባርረው ያልጠገበው ዝንብ ወዲያውኑ ሌላ ከብት ላይ ስለሚያርፍ፣ በወል ግጦሽና በአንድ ወንዝ ዳር ተጠጋግቶ የሚውል መንጋ ለዚህ አመቺ ነው። ዝንቡ ግን ሩቅ አይሄድም። በሽታውን ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚያደርሰው የታመመ ወይም በሽታው ገና ያልታየበት ከብት በሰው እጅ እየተነዳ ገበያ መውጣቱ ነው። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆዳው ጥሩ ሆኖ የተገዛ በሬ በወሩ ጉርብርብ ሊያወጣ ይችላል። አዲስ የተገዛን ከብት ለ28 ቀን ከሌሎች ለይቶ ማሰር የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጠባብ ግቢ ይህ ቀላል አለመሆኑ ቢታወቅም፣ ቢያንስ በቤቱ ሌላ ጥግ ማሰርና ከወል ግጦሽ ማቆየት ብዙ ያድናል።

የፈረንጅ ደም ያላቸው ላሞች ከአገር ዘር ይልቅ በጉርብርብ ክፉኛ ይጎዳሉ። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎች ከተሞች ዙሪያ ወተት እየሸጡ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች የሚያረቧቸው በአብዛኛው ዲቃላ ላሞች ስለሆኑ እነርሱ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

መድኃኒትን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ባለሙያ የሚያዝዘው አንቲባዮቲክ በቁስሉ የሚገባውን ሌላ ተሕዋስ ለመከላከል ነው፤ ትኩሳትና ሕመም የሚያስታግስ፣ ቁስሉን ከዝንብ የሚጠብቅ ሕክምናም ይረዳል። እብጠቱን በጋለ ብረት መተኮስ ግን ከብቱን በከንቱ ከማሠቃየትና ለዝንብ አዲስ ቁስል ከመክፈት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ከገበያ በተገዛ መድኃኒትና በአንድ መርፌ በየተራ መውጋት ከዚህም የባሰ ነው፤ በዝንብ አፍ የሚተላለፍ ቫይረስ በመርፌ ጫፍ የማይተላለፍበት ምክንያት የለም።

በግ፣ ፍየልና ዶሮ

የበግና የፍየል ፈንጣጣ ከጉርብርብ ጋር በዘር ቢቀራረብም በጠባዩ ይለያል። የሚተላለፈው በዋናነት በትንፋሽና በቅርብ ንክኪ ነው፤ ሌሊቱን በአንድ ጠባብ በረት ተፋፍጎ የሚያድር መንጋ በቀላሉ ይዛመትበታል። ቁስሉ የሚጀምረው ፀጉር በሳሳበት ቦታ፣ በጅራት ሥር፣ በብብትና በከንፈር ላይ ስለሆነ ፀጉሩ የበዛ በግ ላይ ሳይታይ ሊሰነብት ይችላል። ከቆዳ አልፎ ሳንባ ውስጥ ስለሚወጣ በጉ ያስላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለበሽታው ባዳ በሆኑ ዘሮች የግልገሎች ሞት ወደ መቶ በመቶ ሊጠጋ ይችላል፤ የአገር ዘሮች የተሻለ ይቋቋማሉ፣ ግልገሎች ግን በየትኛውም ቢሆን ይጎዳሉ። በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም እንዲሁም በአዊ የሚረባው የዋሸራ በግ ለፋሲካና ለአዲስ ዓመት ገበያ በገፍ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከበዓል በፊት ባሉት ሳምንታት የሚደረገው ንግድ ለዚህ በሽታ ምን ያህል መንገድ እንደሚከፍት መገመት አያስቸግርም።

የዶሮ ፈንጣጣ ኩክኔና ጉትቻ ላይ በሚወጣ ቅርፊት ይታወቃል፤ ከባዱ ዓይነት አፍና ጉሮሮ ውስጥ ወጥቶ ጫጩቱን ያፍነዋል። ትንኝ ያስተላልፈዋል፣ ክትባት አለው፣ ወደ ሰው አይሄድም።

ወደ ሰው የሚሻገሩት

ከበረት ወደ ሰው የሚሻገሩት ፖክስቫይረሶች ሌሎች ናቸው። በግልገልና በፍየል ጠቦት አፍና አፍንጫ ዙሪያ ወፍራም ቅርፊት የሚያወጣው በሽታ አንዱ ነው። ግልገሉ ሕመሙ ከመጥባት ይከለክለዋል፤ የሚጠባው ደግሞ የእናቱን ጡት ያቆስላል። ግልገሉን አፉን ከፍቶ ወተት የሚያጠጣ፣ ቅርፊቱን በእጁ የሚያነሣ ወይም በጉን የሚያርድ ሰው ጣቱ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች ቫይረሱ በዚያ ይገባል። ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀይ እብጠት ይወጣል፣ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ይቆስላል፣ ዙሪያው ይነጣል፣ በመጨረሻም ቅርፊት ይዞ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ሁለተኛው በላም ጡት ላይ የሚወጣው ነው። በገጠራችን ላሟ ወተቷን እንድትለቅ ጥጃው አስቀድሞ ይጠባል፤ ከዚያ ጥጃው ይሳብና አላቢው በእጁ ያልባል። ጥጃው አፉ ውስጥ ቁስል ካለው ከእርሱ ወደ ጡቷ፣ ከጡቷ ወደ አላቢው እጅ፣ ከአላቢው እጅ ደግሞ ወደ ቀጣይዋ ላም ይሄዳል። አላቢው ጣት ላይ የሚወጣው እባጭ ሐምራዊ መልክ ያለው፣ ጠጣርና ብዙም የማያም ነው፤ እርሱም በሳምንታት ይድናል። ከእያንዳንዷ ላም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብና ቁስል ያለባትን ላም በመጨረሻ ማለብ ሰንሰለቱን ለመቁረጥ የሚያስችሉ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ በብርቱ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ነገር አለ። በእንስሳት ምክንያት እጅ ላይ የሚወጣ ቁስል ሁሉ ቀላል አይደለም። አባ ሰንጋም ቆዳ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ትንሽ እባጭ ይመስላል፤ ከዚያ ግን መሐሉ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ዙሪያው ከቁስሉ እጅግ በሚበልጥ ስፋት ያብጣል፣ ቁስሉ ራሱም አያምም። ሳይታከም ከቀረ በበሽታው ከተያዙት 5 ሰዎች እስከ 1 ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን በአንቲባዮቲክ ይድናል። ከግልገል አፍ የመጣው ቁስል አንቲባዮቲክ የማያስፈልገው ሆኖ ሳለ ይሄኛው ያለ አንቲባዮቲክ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ ጣቱ ላይ ቁስል የወጣበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ምን ዓይነት እንስሳ እንደነካ፣ እንስሳው ታሞ ወይስ በድንገት ሞቶ እንደነበር መናገር አለበት፤ ጤና ባለሙያውም ሳይነገረው ሊጠይቅ ይገባዋል። በድንገት የሞተን ከብት ቆዳውን መግፈፍና ሥጋውን መከፋፈል ደግሞ በምንም ምክንያት የሚደረግ አይደለም። በጉርብርብ ትኩሳት ላይ ያለች ላምን ወተት በተመለከተ፣ ጉርብርብ ራሱ ባያስፈራም ሌሎች በሽታዎች ስላሉ ወተትን አፍልቶ መጠጣት የዘወትር ልማድ መሆን አለበት።

ፈንጣጣ ለምን ተሸነፈ?

ፈንጣጣ በምድር ላይ እስካሁን ፈጽሞ የጠፋ ብቸኛው የሰው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ኢትዮጵያም ለመጨረሻ ጊዜ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። የማጥፋት ዘመቻው በአገራችን የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ሲሆን በዚያው እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። በኢትዮጵያ ይዛመት የነበረው በአብዛኛው ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ ከባዱ ዓይነት ከሚይዛቸው 10 ሰዎች 3ቱን ሲገድል ይህኛው የሚገድለው ከ100 አንዱን ያህል ነበር። ይህ መቅለሉ ለዘመቻው ጠቀሜታ ሳይሆን እንቅፋት ሆነ፤ የማይገድል ነው ብሎ ክትባቱን የሚሸሽ ብዙ ነበርና። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ደግሞ ሕዝቡ የራሱ ጥንታዊ ዘዴ ነበረው፤ ከሕመምተኛ ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛው ቆዳ ውስጥ በጭረት ይገባል፣ ሰውየው በመጠኑ ታሞ ይድናል፣ ዳግመኛም አይያዝም። ዘዴው ብልሃት የሞላበት ነበር፤ ነገር ግን የሚሰጠው ሕያው የፈንጣጣ ቫይረስ ስለሆነ በዚያ መንገድ የታመመው ሰው ለሌላው ያስተላልፍ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመም የተመዘገበው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ውስጥ ዲሞ በተባለ የአርብቶ አደሮች መንደር ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1977 በሶማሊያ መርካ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. በሽታው መጥፋቱን አወጀ።

ድሉ የመጣው በክትባቱ ጥሩነት ብቻ አልነበረም። ፈንጣጣ ከሰው በቀር የሚኖርበት እንስሳ አልነበረውም፤ የተያዘ ሰው ሁሉ በፊቱ ላይ ይታይ ስለነበር መደበቅ አልቻለም፤ ያገገመ ሰውም ዳግመኛ ሊያስተላልፍ አይችልም ነበር። ዘመቻው በመጨረሻ የተሳካለትም ሕዝቡን ሁሉ ለመከተብ በመሞከር ሳይሆን ሕመምተኛውን ፈልጎ በማግኘትና ዙሪያውን ያሉትን ፈጥኖ በመከተብ ነው። የእንስሳቱ ፈንጣጣዎች እነዚህን ድክመቶች በሙሉ አይጋሩም። ጉርብርብ ዝንብ አለው፤ በበሽታው ከተያዙት ከብቶች ብዙዎቹ ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን በደማቸው ይይዛሉ። ስለዚህ ምልክት የታየበትን እያሳደዱ መከተብ ለፈንጣጣ እንደሠራው ለጉርብርብ አይሠራም፤ ምልክቱ ሲታይ ጊዜው አልፏል።

የፈንጣጣ መጥፋት ያልታሰበ ውጤትም አስከትሏል። የፈንጣጣ ክትባት ከኤምፖክስም ይከላከል ነበር፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በያኔዋ ዛየር፣ በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በተደረገ ጥናት መከላከያው በመቶ 85 ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ክትባቱ ከቆመ ወዲህ የተወለደው ትውልድ ይህ ጥበቃ የለውም። ኤምፖክስ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ኮፐንሃገን ውስጥ ለምርምር በተያዙ ጦጣዎች ላይ በመሆኑ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚለው ስም ወጣለት እንጂ፣ ቫይረሱን በዱር የሚያቆዩት የአይጥና የሽኮኮ ዓይነት ትንንሽ እንስሳት እንደሆኑ ነው የሚታመነው። በሰው ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያችው ኮንጎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዳግመኛም ነሐሴ 2024 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ አውጆበት ነበር፤ ሁለተኛው አዋጅ የተነሣው መስከረም 2025 ነው። በኢትዮጵያም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመም በሞያሌ ተረጋግጧል። የሚተላለፈው በዋናነት በቅርብ የአካል ንክኪ፣ ግብረ ሥጋ ግንኙነትን ጨምሮ፣ እንዲሁም ሕመምተኛው በተጠቀመበት አልባሳትና አንሶላ ነው። ትኩሳት፣ የንፍፊት እብጠትና ሽፍታ ያመጣል። ከላም፣ ከበግ ወይም ከዶሮ አይመጣም፤ ጉርብርብ ያለባትን ላም በኤምፖክስ ስም መፍራትም ሆነ ማስፈራራት መሠረት የለውም።

ክትባቱ መቼ ይድረስ?

የጉርብርብና የበግ ፈንጣጣ ክትባት በአገር ውስጥ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ለብዙ ዓመታት ለከብቱም ለበጉም ያገለገለው መነሻው ከኬንያ የሆነ ዝርያ ነበር፤ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ክትባት ለከብት ከጉርብርብ የሚሰጠው መከላከያ ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። በአንጻሩ በባልካን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ከራሱ ከጉርብርብ ቫይረስ በተሠራ ክትባት ከብቱን በጅምላ በመከተብ ወረርሽኙን ማቆም ተችሏል። የክትባቱ ዓይነትና ጥራት ዋና ጉዳይ መሆኑ አያከራክርም፤ ያን መወሰን ግን በወረዳና በቀበሌ እጅ አይደለም። በወረዳ እጅ ያለው ጊዜውና አሰጣጡ ነው።

የተለመደው አሠራር በሽታው ታይቶ ሪፖርት ሲደርስ ክትባት ይዞ መውጣት ነው። ክትባቱ ሙሉ መከላከያ እስኪሰጥ ግን እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። በወረርሽኝ መሐል በሚከተብ መንጋ ውስጥ ቫይረሱን አስቀድመው የያዙ፣ ነገር ግን ገና ያልታመሙ ከብቶች ይኖራሉ፤ እነርሱ በተከተቡ በቀናት ውስጥ ይታመማሉ። ባለቤቱ የሚያየው ደህና የነበረ ከብቱ ተወግቶ መታመሙን ነው። መርፌው ነው ያመጣብኝ ማለቱ ባየው ነገር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አልፈርድበትም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከብቱን ይሸሽጋል፣ ጎረቤቱንም ይመክራል፤ አንዲት የዘገየች ዘመቻ የሁለት ዓመት ዘመቻ ታበላሻለች። በዚህ ላይ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ካልተጓዘ ይሞታል፣ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ባለበት ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና መብራት ሲጠፋ ክትባትን በቅዝቃዜ ማድረስ ይበልጥ ከባድ ነው፤ በሽታው ከተነሣ በኋላ በጥድፊያ መድረስማ ጭራሽ የማይታሰብ ሊሆን ይችላል። ዓመቱን አስቀድሞ አቅዶ፣ መንገድ በተከፈተ ጊዜ መከተብ የሚሻለው ለዚህም ነው።

ለጎጃም የሚስማማው ጊዜ፣ እንደማስበው፣ ዓቢይ ጾም ነው። ጾሙ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይውላል፤ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ዝንብና ትንኝ ያንሳል፣ በሽታውም በአብዛኛው ጋብ ይላል፣ መንገዱም አልጨቀየም። ክትባቱ የሚሰጠው መከላከያ ቢያንስ አንድ ዓመት ስለሚቆይ በመጋቢት የተከተበ ከብት መስከረምና ኅዳርን ተጠብቆ ያልፋል። ክትባቱ በአንዳንድ ላሞች ላይ መርፌው ባረፈበት ቦታ እብጠትና ለጥቂት ቀን የወተት መቀነስ ያመጣል፤ በጾም ወራት ቤተሰቡ ወተት ስለማይጠጣና የከተማውም ፍላጎት ስለሚቀንስ ጉዳቱ ብዙም አይሰማም። በጎቹ በዚያው ዙር ከተከተቡ ደግሞ የፋሲካ ገበያ ከመድረሱ በፊት መከላከያ ያገኛሉ። ለቀኑም ቢሆን በሬ በማይጠመድበት በወር በዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከብቱ ሁሉ ቤት ባለበት ሰዓት ቢሆን ገበሬው ከእርሻ ሥራው አይፈታም። የአጥቢያውን ካህናትና ሽማግሌዎች አስቀድሞ አማክሮ መስማማት ይህን ያቀለዋል።

መርፌውን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ከብት አዲስ መርፌ ማግኘት ካልተቻለ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ቤት መንጋ መለወጥና በዕለቱ የተጠቀሙበትን ቀቅሎ ማደር ዝቅተኛው ግዴታ ሊሆን ይገባል። ትኩሳት ወይም እብጠት ያለበት ከብት በዚያ ቀን አይከተብም፤ ለብቻው ይታያል። ጥጆቹ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከተከተበች ወይም ታማ ከዳነች ላም የተወለደ ጥጃ በእንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍበት የሚከተበው ከ3 እስከ 6 ወር ሲሞላው ነው፤ ካልተከተበች እናት የተወለደው ግን በማንኛውም ዕድሜ ሊከተብ ይችላል። በመሆኑም በጥቅምት የተወለዱት በጾሙ ዙር ሲደርስላቸው፣ በጥርና በየካቲት ለተወለዱት ባለሙያው ክረምቱ ሳይወጣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ጊዜ መመለስ ይኖርበታል፤ ለዚህም በጾሙ ዘመቻ ጊዜ የእናቶቹንና የጥጆቹን ዕድሜ በየቤቱ መዝግቦ መያዝ ያስፈልገዋል።